ቀኑ ደርሶ ነው አትበሉኝ

ለቅሶ ቤት የሚመጣ ሰው ሁሉ ያንኑ ይላል። «ቀኑ ደርሶ ነው፤ ምን ይደረጋል?» ብሎ ጋቢውን ሰብስቦ ይቀመጣል። ክፋት የለበትም። ሐዘንተኛን ማጽናናት ወግ ነው፤ አባቴም ሰባን ያለፈ ሰው ስለነበር ቃሉ ለብዙ ሰው ይዋጥለታል። እኔን ግን ዓመት ሊደፍን ሲል እንኳ አልዋጥልኝ ብሏል። አባቴ ቀኑ ደርሶ አልሞተም። ሊድን የሚችልበት ጊዜ ነበረው፤ ያውም ረጅም ጊዜ። መድኃኒቱ እቤቱ ውስጥ ነበር። በሽታው ስሙ ታውቆ፣ ልኩ ተጽፎ፣ ካርዱ ላይ ሰፍሮ ነበር። ይህን ሁሉ እያወቅን ነው ቁጭ ብለን የበላነው።

አማኑኤልን ብዙ ሰው የሚያውቃት በመኪና ሲያልፍ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ አባይን ተሻግሮ፣ ደብረ ማርቆስን አልፎ ወደ ደምበጫ የሚሄድ መንገደኛ ግራና ቀኙን ባሕር ዛፍና የድንች ማሳ እያየ ሲጓዝ ያገኛታል። የማቻከል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ አጥንት ይሰብራል። ስሟን የሰጣት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አባቴም ዕድሜውን ሙሉ የቆመው እዚያው ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ነው።

በሥራ ቀን ገበሬ ነበር። ስንዴና ጤፍ ይዘራል፣ ድንች ይተክላል፣ በሬ ጠምዶ ይውላል። ወር በገባ በ28 እና በየበዓሉ ደግሞ ነጠላውን አጣፍቶ፣ መቋሚያና ጸናጽሉን ይዞ ከሊቃውንቱ ጋር ይቆማል። በልጅነቱ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ደብረ ኤልያስ ወረደ፤ ከዚያም ዲማ ጊዮርጊስ ተሻገረ። ሐዲስ ዓለማየሁን የመሰሉ ሰዎች በልጅነታቸው ያለፉባቸው ጉባኤ ቤቶች ናቸው። ቀን ከዛፍ ሥር ተገልሎ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማታ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ ሲታረም አድሮ በማግስቱ ሌላ ይቆጥራል። ረኃቡን፣ ቁንጫውን፣ የመንደር ውሻውን ሲያወራልን እየሳቀ ነበር። ቅኔው ላይ ሲደርስ ግን አይስቅም። ድምፁ ይለወጥ ነበር።

የቅኔ ሥርዓት ጨካኝ ነው። ትናንት የተባለ ዛሬ አይባልም። የዛሬ በዓል የዛሬን ቅኔ ይፈልጋል፤ ባለ ቅኔው እዚያው ቆሞ፣ ዜማው እየደረሰበት አዲስ ያወጣል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ ሥላሴ ስድስት፣ መወድስ ስምንት። ሰሚው «ይበል!» ይላል፤ ያወቀ ምስጢሩን ይፈታል፤ ጆሮው የፈጠነ በቃሉ ይይዘዋል። ያልተያዘው እዚያው ይቀራል። መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬ የቀደሙትን ሊቃውንት ቅኔ እየለቀሙ ባይጽፉ፣ ድካማቸውም በ1963 ዓ.ም. «መጽሐፈ ቅኔ» ተብሎ ባይታተም፣ ዛሬ በስማቸው ከምንምልባቸው መምህራን የስንቱ ቃል በእጃችን ይኖር ነበር? አባቴ ሃምሳ ዓመት ያህል ተቀኝቷል። በክርስትና፣ በሠርግ፣ በተዝካር፣ ዝናብ በጠፋበት ክረምት፣ ድልድይ በተሠራበት በጋ። ከዚያ ሁሉ በወረቀት ላይ የሰፈረ የለም።

የደም ግፊቱ የታወቀው በአጋጣሚ ነበር። ጥርሱን አሞት ጤና ጣቢያ ሄደ። ነርሷ ከጥርሱ በፊት ክንዱን ጠቅልላ ለካችው፤ 180 በ110 ሆነ። አሳርፋ ደግማ ለካችው፤ ያው ነው። የሰው ግፊት 140 በ90 ከደረሰ በሽታ ነው ይባላል፤ የአባቴ ከዚያ እጅግ የራቀ ነበር። እሱ ግን ምንም አልተሰማውም። የዚህ በሽታ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። አያቃጥልም፣ አይቆርጥም፣ አያስተኛም። ሰውየው ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ሌሊት ማኅሌት ይቆማል፤ ውስጥ ለውስጥ ግን የልቡ ግድግዳ ይወፍራል፣ ኩላሊቱ ይጎዳል፣ የአንጎሉ ቀጫጭን ደም ሥሮች ግድግዳ ይዳከማል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ባወጣው ግምት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ከሆኑ ሰዎች 1.28 ቢሊዮን የሚሆኑት ግፊት ነበረባቸው፤ ከነሱ 46 በመቶው አያውቁትም ነበር። አባቴ ግን ከማያውቁት አልነበረም። እናውቅ ነበር። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኸው ማወቃችን ነው።

ኪኒን ተሰጠው። «አባባ፣ ይህ ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ነው፤ ተሻለኝ ብለው እንዳያቆሙት» አለችው ነርሷ፤ አብራው የሄደችው እህቴ በጆሮዋ ሰምታለች። ገንዘብ አልቸገረንም። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እኛም አገር ከደረሰ ቆይቷል፤ ቤተሰቡ በየዓመቱ መዋጮውን ይከፍላል፤ ካርዱ ከነፎቶው ግድግዳ ላይ ነበር። ጤና ጣቢያው በእግር የሚደረስበት ነው። ምን ጎደለ?

ዐቢይ ጾም ገባ። አባቴ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ውኃ አይቀምስም። ኪኒኑ የታዘዘለት ጠዋት ነው። ስለዚህ ተወው። ለማንም አልተናገረም፤ መድኃኒት የናቀም አልነበረም፤ ጾሙን አልሽርም ማለቱ ነው። ፋሲካ ሲደርስ ኪኒኑን ከተወ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር፤ ምንም ስላልተሰማው በዚያው ቀረ። እኔ ይህን የሰማሁት ለፋሲካ አማኑኤል ስገባ ነው። አዲስ አበባ የገዛኋትን በባትሪ የምትሠራ የግፊት መለኪያ ይዤ ነበር። ክንዱን ጠቅልዬ ስለካው ቁጥሩ ያው እንደ ፊቱ ነው። «አባዬ፣ ኪኒኑስ?» አልሁት። «ደህና ነኝ እኮ ልጄ፤ ምን ሆንሁ?» አለኝ። አየሁት። ቀጥ ብሎ የቆመ፣ በጉን ራሱ አርዶ የገፈፈ፣ ሌሊቱን በሙሉ ሲያሸበሽብ ያደረ ሰው ነው። እውነት ደህና መሰለኝ። ደህና እንዲሆን ስለፈለግሁ ደህና መሰለኝ። መለኪያዋን ለእህቴ ሰጥቻት ተመለስሁ፤ ባትሪዋ አልቆ መደርደሪያ ላይ ቀረች።

ከሞተ በኋላ ያነበብሁት ነገር ነው ያቃጠለኝ። በብሪታንያ ከ21 ሺህ በላይ የግፊት ሕመምተኞችን ለዓመታት የተከታተለ ትልቅ ጥናት ነበር፤ ውጤቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ወጣ። ኪኒኑን ጠዋት የወሰዱትና ማታ የወሰዱት በልብ ድካምም፣ በስትሮክም፣ በሞትም ልዩነት አልታየባቸውም። ማታ! አባቴ በጾም ማታ ይበላ ነበር። ራቱን በልቶ፣ ጸሎቱን አድርሶ፣ ኪኒኑን በአንድ ጉንጭ ውኃ ውጦ መተኛት ይችል ነበር። ጾሙም አይሻር፣ ደሙም አይፈስ። አንድ ሰው ይህን ቢነግረው ኖሮ! ነርሷን ብጠይቃት፣ ወይ የንስሐ አባቱን ይዤ ባስመክረው፣ ወይ አዲስ አበባ ካሉት ሐኪም ጓደኞቼ ለአንዱ ብደውል፣ ጥያቄው ከአምስት ደቂቃ ወሬ አያልፍም ነበር። እኔ የተማርሁ ልጅ ነኝ ተብዬ፣ በየቤቱ የምጠየቅ ሰው፣ የገዛ አባቴን «ማታ ዋጠው» ማለት አቃተኝ።

ሁለተኛው ዕድል የእኔ የብቻዬ ነበር፤ እሱን ከማንም ጋር አልካፈልም።

አባቴ ራሱ ነው የጠየቀኝ። «አንድ ቀን ወረቀት ይዘህ ና፤ ቁጭ ብለን ልንገርህና ጻፈው፤ ይህ ነገር ከእኔ ጋር እንዳይቀበር» አለኝ። ወረቀት አያስፈልግም ነበር። ስልኬ ድምፅ ይቀዳል፤ ቪዲዮ ይቀርጻል፤ የጓደኞቼን ሠርግ፣ የልጆቼን ልደት፣ የመንገድ ላይ ጭፈራ ሁሉ ሞልቼበታለሁ። «እሺ አባዬ፣ ለመስከረም ስመጣ» አልሁ። መስከረም ላይ «ለጥምቀት» አልሁ። ጥምቀት ላይ እንግዳ በዛ። ለፋሲካ ደግሞ ያንን መለኪያ ይዤ መጣሁ፤ የቅኔውን ነገር እሱም አላነሳው፤ እኔም አላነሳሁት። ሲያየኝ ሲያየኝ ቆይቶ የተወው ይመስለኛል። አባት ልጁን ደጋግሞ መለመን ያሳፍረዋል።

መንግሥቱ ለማ የሠራውን አውቅ ነበር። «ጠልፎ በኪሴ»ን እና «ያላቻ ጋብቻ»ን የጻፈው ባለ ቅኔና ጸሐፌ ተውኔት፣ አባቱን አለቃ ለማ ኃይሉን የመቅረጫ ቴፕ አስቀምጦ ዘመናቸውን፣ የቅኔ መምህራኖቻቸውን፣ ያዩትንና የሰሙትን አንድ በአንድ አስወራቸው። ያ ወግ በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» ተብሎ ታተመ። ያንን መጽሐፍ ከፍቶ ያነበበ ሰው የአዛውንቱን ድምፅ ይሰማል። አለቃ ለማ ካለፉ ስንት ዘመናቸው ነው፤ ዛሬም ያወራሉ። መንግሥቱ ያን ጊዜ የነበረው ቴፕ በኪስ የሚያዝ አልነበረም። የሚበልጠኝ ግን በቴፑ አይደለም፤ ከአባቱ ፊት ቁጭ በማለቱ ነው። መጽሐፉን ተማሪ ሳለሁ አንብቤ፣ ለጓደኞቼ «አንብቡት» እያልሁ አውሼ፣ ለገዛ አባቴ አልሠራሁበትም።

ኅዳር ላይ፣ ጤፍ አጨዳው ሲያልቅ፣ አባቴ ማለዳ ተነስቶ ወደ አውድማው ሲሄድ ወደቀ። ወንድሜ ሲደርስ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ ብለውታል፤ አፉ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። ጎረቤት ተሰበሰበ። ምች ነው ተባለ፤ ዳማከሴ ተጨምቆ ተሰጠው፤ ጸበል ተረጨ። ማንንም አልወቅስም፤ ያዩት ነገር ምች የሚሉትን ስለሚመስል ነው። ፀሐይ ከበረታ በኋላ መኪና ተገኝቶ ማርቆስ ገባ። እኔ ከአዲስ አበባ ተነስቼ አባይ በረሃን በሌሊት ወረድሁ። ስደርስ ሐኪሙ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ አሳየኝ፤ በግራው የአንጎል ክፍል ነጭ ሆኖ የሚታየው የፈሰሰ ደም ነው። «ግፊት ነበረባቸው?» አለኝ። ነበረበት አልሁ። «መድኃኒት ይወስዱ ነበር?» ዝም አልሁ። እሱም አልደገመም።

ግራው የአንጎል ክፍል በአብዛኛው ሰው ላይ የንግግር ቤት ነው። አባቴ ይሰማል፣ ያያል፣ ያውቀናል፤ መናገር ግን አይችልም። አፉን ከፍቶ ይታገላል፤ የሚወጣው «እእ…እእ…» ነው። ከንፈሩ ደርቆ ውኃ እያማረው፣ ብርጭቆው ዓይኑ ፊት ተቀምጦ እያየው፣ «ውኃ» ማለት አልቻለም። በግራ እጁ ብርጭቆውን ያመለክታል፤ የተሳሳተ ነገር ስንሰጠው ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ሃምሳ ዓመት ቃል ከቃል ሲያጣምር፣ ሰም ከወርቅ ሲያለብስ የኖረ ሰው ነው! የበሽታው መምረጥ! እግሩን ብቻ ይዞት ቢቀር ኖሮ፣ ተቀምጦም ቢሆን ይነግረኝ ነበር።

አንድ ማታ እናቴ ከአጠገቡ ቁጭ ብላ አቡነ ዘበሰማያት ስትል አብሯት ጀመረ። አልተደናቀፈም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ቃሉ ጥርት ብሎ፣ ዜማው ሳይቀር። ሁላችንም ደነገጥን፤ ዳነ ብለን እልል ልንል ነበር። ጸሎቱ ሲያልቅ «አባዬ፣ ምን ላድርግልህ?» አልሁት፤ እንደገና «እእ…» ሆነ። ሐኪሙ በማግስቱ እንዳስረዳኝ፣ በልጅነት የተያዘ ጸሎትና ዜማ ሰው አስቦ ከሚናገረው ንግግር በሌላ መንገድ ስለሚመጣ፣ ንግግሩ ጠፍቶ እሱ ሊተርፍ ይችላል። በዚያ ማታ ስልኬን አውጥቼ ቀዳሁት። አባቴን ለመጀመሪያ ጊዜ የቀዳሁት ያን ጊዜ ነው። ድምፁ አለኝ፤ ቃሉ ግን የእሱ አይደለም፤ ማንም ክርስቲያን የሚለው ጸሎት ነው። የእሱ የሆነው ቅኔ ከዚያ ከፈሰሰው ደም ኋላ ተዘግቶበት ቀርቷል።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። መዋጥ ስለቸገረው ምግቡ ወደ ሳንባው እየገባ የሳንባ ምች አስከተለ፤ ትኩሳቱ አልወርድ አለ። አማኑኤል አምጥተን ቀበርነው።

ሣጥኑን የከፈትነው ከሠልስት በኋላ ነው። ዳዊቱን ከሚያኖርበት ማኅደር ሥር ኪኒኖቹን አገኘናቸው፤ በላስቲክ ጠቅልሎ በጥንቃቄ አስቀምጧቸዋል። የመጀመሪያው ቅጠል በተራ፣ ከላይ ወደ ታች፣ እየተፈነቀለ ተውጧል። ከመሐሉ ላይ ቆሟል። ከዚያ በታች ያሉት ኪኒኖች በብሩ ወረቀት ውስጥ እንደተሸፈኑ ናቸው፤ ሌሎቹ ቅጠሎች ጭራሽ አልተነኩም። እህቴ አይታ ጮኸች። እኔ ቅጠሉን ይዤ የቆመበትን ቦታ በጣቴ ዳበስሁት። ጾም የገባበት ቀን እዚያ ላይ ነው።

ለዚህ ነው «ቀኑ ደርሶ» ሲሉኝ ቃሉ የሚያንገበግበኝ። እግዚአብሔርን ከሰስኩ አትበሉኝ፤ እኔ የምለው በእሱ አናላክክ ነው። አሁንም በየመንደሩ፣ በማቻከልም፣ በደብረ ኤልያስም፣ በደምበጫም፣ ካርዱ ላይ ግፊት ተብሎ የተጻፈበት፣ ኪኒኑን ለጾም ብሎ ትቶ የረሳው ስንት አባት አለ! ልጁ ከተማ ሆኖ «እንዴት ናችሁ? ደህና? ደህና» ብሎ ስልክ የሚዘጋ። ያ ልጅ «ኪኒኑን ዛሬ ማታ ዋጥህ?» ብሎ ይጠይቅ። የእናቴም ግፊት ከፍ ብሎ ተገኝቷል። አሁን ማታ ማታ እደውላለሁ፤ ውጣ እስክትጨርስ ስልኩን አልዘጋም። እሷ «ለአባትህ ብታደርገው» አትለኝም፤ አንድ ቀን እንኳ አላለችኝም። ባለማለቷ ይብስብኛል።

ለተዝካሩ ከደብረ ኤልያስ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ መጡ። ከአባቴ ጋር በአንድ ጎጆ አድገዋል፣ በአንድ መምህር ፊት ነግረዋል። ጠላውም ምግቡም ቀርቦላቸው አልነኩም፤ እኔን አስጠሩኝ። አባቴ በወጣትነቱ፣ ገና ዲማ ሳሉ፣ መምህራቸው ባረፉ ጊዜ የተቀኘው መወድስ ነበር አሉ። ሊቃውንቱ ሁሉ ያደነቁት፣ የቀብሩ ሰው ለቅሶውን ትቶ «ይበል» ያለው። ዓይናቸውን ጨፍነው በዜማ ጀመሩት። አንደኛው ቤት፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። አምስተኛውን እንደጨረሱ ቆሙ። ደግመው ከላይ ጀመሩ፤ አሁንም አምስተኛው ላይ ቆሙ።

«ከዚህ በኋላ ጠፋብኝ፤ ምስጢሩ የሚፈታው ታች ነው» አሉ። «ሦስት ቤት ይቀረዋል። አንተ ልጁ ነህና፣ የተማርህም ነህና፣ ጽፈህ ይዘኸዋል ብዬ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁ። እስቲ ቀሪውን በለኝ።»

የለኝም አልኋቸው።